የግማሽ ፂም ማምቦ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

አምፖሏ ተቃጥላለች። የዛሬው ጣጣ ሁሉ ከእሷ ይጀምራል። ከደሴ የመጣው የሲኒማ መኪና ሌላው ነገሩ ደህና ነው፤ ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ሸራው አልተቀደደም፣ ፊልሙም ሙሉ ነው። ፕሮጀክተሩ ውስጥ ግን ከፊልሙ ጠርዝ ድምፁን የምታወጣ የጣት ጫፍ የምታክል አምፖል አለች፤ እሷ ከሌለች ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ ነው የሚታየው። ኦፕሬተሩ በቀለ ምትኳ አዲስ አበባም የለም ይላል።

እኔ ምን አገባኝ ብዬ ወደ ቤቴ ላቀና ስል ጓድ ካሳ አስጠራኝ። ጓድ ካሳ የከተማችን ካድሬ ነው፤ የኪነት ቡድናችንም አለቃ እሱ ነው። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ለአብዮቱ ስድስተኛ በዓል ከደሴ ሐኪሞች ይመጣሉ፤ የወዳጅ አገር ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ያገራቸው ፊልም ነው። ዲዳ ፊልም አናሳያቸውም። ሙዚቃውን ኦርኬስትራው ይጫወት" አለኝ።

ኦርኬስትራ ያለው እኛን ነው። እስቲ ልቁጠረው። እኔ፣ አኮርዲዮን (ሁለት ቁልፎቿ ድምፅ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል)። ጋሽ ሙሄ፣ ማሲንቆ። እታገኝ፣ ክራር። ደምሴ፣ ዋሽንት። ከበሮ፣ በዕለቱ የተገኘ ሰው። አለቀ።

"የቀረን ዐሥር ቀን ነው ጓድ" አልኩት።

"አብዮቱ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ብዙ ሠርቷል" አለ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

በቀለ ፊልሙን አምፖሏ ደህና በነበረች ጊዜ ስንት ከተማ አሳይቶታልና ዜማውን በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩ ድምፅ የለውም። ሁሉንም ባንድ ድምፅ ነው የሚያንጎራጉረው፤ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ጠረጴዛውን በጣቱ መምታት ሲጀምር ግን ወዲያው ገባኝ። ማምቦ ነው፤ የእነዚያ የወዳጅ አገር ሰዎች ጭፈራ። ከዚያ ቻቻቻ። መሐል ላይ ቀስ ያለች ሩምባ። መጨረሻው ላይ ያው ማምቦ፣ በእጥፍ ፍጥነት።

ዐሥራ ስምንት ዓመት በጦር ሠራዊት ባንድ ትራምፔት ነፍቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኮንኖች ክበብ የምንጫወተው ይህንኑ ነበር። ከካሚዮን ወድቄ የፊት ጥርሶቼን ሳጣ ትራምፔቱን አስረክቤ ወደ ሚስቴ አገር ወደ ሐይቅ መጣሁ። ያለ ፊት ጥርስ ትራምፔት አይነፋም፤ አኮርዲዮን ግን ጥርስ አይጠይቅም። በዚህ ከተማ ኖታ መጻፍና ማንበብ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የለም። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ ወፍራም ፀጉር ቆራጭ ባንድ ቀን ሁለት ሙሽሮች እንዲላጭ ይጠራል። ቤቶቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ናቸው። ያንዱን ግማሽ ፂም ላጭቶ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ የዚያንም ግማሽ ላጭቶ ይመለሳል። በሁለቱም ቤት ጭፈራው ደርቷል። ሙሽሮቹ ግማሽ ፂማቸውን እንደያዙ ይጨፍራሉ። ያለ ድምፅ እንኳ ሳየው ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከሚያዝያ ወዲህ የሳቅሁ አይመስለኝም።

ሚስቴ ዘሀራ አመሻሹ ላይ ከውጫሌ ተመለሰች። ስንቅ አድርሳ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሰዒድ ሚያዝያ ላይ ከሐይቁ ማዶ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ ሳለ ድቤ ሲመታ ተይዞ ውጫሌ ታስሯል። ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው አሉ። አምስተኛ ወሩን ይዟል። ስንጠይቅ "ጉዳዩ ይታያል" ነው መልሱ።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ምንም። በላ፣ ሳህኑን መለሰልኝ" አለች።

የጓሯችን አጥር አሁንም ግማሽ ነው። የጀመርኩት ከፋሲካ በፊት ነበር። ዘሀራ ዛሬ ስለ አጥሩ አልተናገረችኝም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ልምምድ። ልምምድ ከተባለ።

ጋሽ ሙሄ ያሳየሁትን ዜማ ሁለት መስመር በሚገባ ይይዘዋል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሳያውቀው አምባሰል ያደርገዋል። ፀጉር ቆራጩ ይሮጣል፣ ማሲንቆው ያለቅሳል። "ጋሽ ሙሄ፣ ይህ እኮ የሳቅ ፊልም ነው" ስለው፣ "ሁለት ሰርግ ላይ ግማሽ ግማሽ ላጭቶ የሚሯሯጥ ሰው ምኑ ያስቃል? ይታዘንለታል እንጂ" አለኝ።

እሱስ ይስተካከላል። ከበሮው ነው የገደለኝ። ዛሬ የተገኘው የአዳራሹ ዘበኛ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ እጁ ግን ችክችካ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ አራት ስቆጥር እሱ ስድስት ይመታል። የምፈልገውን ባጨበጭብለት ባጨበጭብለት አልሆነም። ሦስት ጭብጨባ፣ ትንሽ ዝም፣ ሁለት ጭብጨባ። ሌላ ነገር አይደለም። እታገኝ ሞከረች፣ ደምሴ ሞከረ። ሁሉም ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም ማለት አቃታቸው።

ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳወልቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን ምት የማውቀው ከመኮንኖች ክበብ ብቻ አይደለም። እዚሁ ሰምቼዋለሁ። አማቴ ቤት መውሊድ ሲከበር፣ ሰዒድ ድቤውን ይዞ፣ መንዙማው ሞቅ ሲል ሰዉ ከሥር የሚያጨበጭበው ነው። ሦስት፣ ዝም፣ ሁለት። ጉልበቴ ላይ መታሁት። ያው ነው። ያው ባይሆን እንኳ ያንድ እናት ልጆች ናቸው።

ይህንን ገጽ መቅደድ ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ገጹን አልቀደድኩትም። ይልቁንም ጠዋት ጓድ ካሳ ዘንድ ሄድኩ።

"ጓድ፣ ዜማው ደህና ነው። የቸገረኝ ከበሮ መቺ ነው። ይህን ምት የሚችል ባውራጃው አንድ ሰው ብቻ አለ።"

"ማን?"

"ሰዒድ ይማም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "የሚስትህ ወንድም።"

"አዎ ጓድ።"

"የወዳጅ አገር ምት ከየት ተማረ?"

"እጁ ልዩ ነው። አንዴ ያሳዩትን ይይዛል" አልኩ። ዋሸሁ። ነገሩ ቢገለጥ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ታስሮበት የነበረውን ድቤ በበዓል ቀን፣ በእንግዳ ፊት አስመታው ነው የሚሉት።

ጓድ ካሳ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ጻፈና አስፈረመኝ። "ዋሱ አንተ ነህ። ከከተማው አንዲት እርምጃ ቢወጣ በእሱ ቦታ አንተ ትገባለህ። በዓሉ ካማረ የልጁን ነገር እናየዋለን። ካላማረ ውጫሌ ይመለሳል፤ አንተም አብረኸው ትሄዳለህ።"

ለዘሀራ ነገርኳት። ቆማ ነበር፤ ቁጭ አለች። "አታሹፍብኝ ታዴ" ብቻ ነው ያለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

ስድስት ሰዓት ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ሰዒድን አምጥቶ አስረከበኝ። እንደ ዕቃ ፈርሜ ተቀበልኩት።

ከስቷል። ከሁሉ የባሰብኝ እጁ ነው። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲያሸክሟቸው ከርመዋል፤ መዳፉ ተሰነጣጥቆ ደርቋል፣ የቀኙ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ዘሀራ ቅቤ አቅልጣ ስትቀባው ቀና ብሎ አላያትም። ባለፈው ዓመት እኮ ይህ ሰው ከጀልባ ወርዶ ዓሣ እያራገፈ ገበያውን በቀልድ የሚያተራምስ ነበር።

ነገሩን በዝርዝር ነገርኩት፤ ፊልሙን፣ ፀጉር ቆራጩን፣ ምቱን። ጨርሼ አጨበጨብኩለት። ሦስት፣ ዝም፣ ሁለት። ያኔ ነው ቀና ያለው።

"ይሄማ የኛው ነው" አለ።

"አዎ። ለማንም አልተናገርኩም።"



እሑድ፣ ጳጉሜ 2

እምቢ አለ።

"አያ ታደሰ፣ ቅር አይበልህ። ወላሂ ላንተ ብዬ እሳት ውስጥ እገባለሁ። ይሄን ግን ለነቢ ውዳሴ ነው የምመታው። አባቴም እንዲያ ነበር። ግማሽ ፂም ይዞ ለሚፈነጭ ሰው አልመታውም።"

ተቆጣሁ። ዋስ የገባሁልህ እኔ ነኝ አልኩት። እህትህ በየሳምንቱ ውጫሌ ስትመላለስ እግሯ አልቋል አልኩት። ድንጋዩ ናፍቆህ እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። የመጨረሻዋ ከአፌ ከወጣች በኋላ ልመልሳት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ሰዒድ አልተቀየመም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ "እሱስ እውነትህን ነው" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስት ቀን ቀረ። አራት ገጽ ኖታ ጽፌያለሁ። የሚመታው የለም።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ዛሬ ሙሉ ቀን ዘነበ። ሐይቁ አይታይም።

ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ወንድሟ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ አኮርዲዮኔን የምጠግን መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

"ድቤውን ማን ነው ያስያዘህ?" አለችው።

"አባታችን።"

"ሰው ሲጨንቀው፣ ሲከፋው አልነበር እንዴ እሱን ይዞ የሚወጣ? አሁን ሰዉን አላየኸውም? ገበያ ላይ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራ። ስንት ጊዜ ሆነው ጮክ ብሎ ከሳቀ? አንተ ለሰውየው ፂም አትምታ። ይሄን የጨነቀው ሰው አንድ ቀን ላሳርፈው ብለህ ነይተህ ምታ። ንያህን፣ የልብህን ሐሳብ፣ አላህ ያውቀዋል።"

ዘሀራ ተነስታ ልትሄድ ስትል ሰዒድ፣ "አንቺ ሁሌም አፍ አለሽ" አላት። ድሮ የሚላት ነው። ከመጣ ወዲህ እንደ ድሮው ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

እህትና ወንድሙ ባይሰሙኝ ኖሮ አለቅስ ነበር። አፍንጫዬን ጠርጌ የሞቱትን ሁለት ቁልፎች መነካካት ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 5

ትናንት አልጻፍኩም፤ ጊዜ የለም። ትናንትም ዛሬም ከጠዋት እስከ ማታ ልምምድ ነው። አዳራሹ ውስጥ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደን በቀለ ፊልሙን እያሳየን ተጫወትን።

መሆንስ ሆነ። እኔ ራሴ አላምንም። ሰዒድ ከበሮውን ጉልበቱ መሐል ይዞ፣ በማይታጠፉት ጣቶቹ ጠርዙን፣ በግራ መዳፉ መሐሉን ሲመታው አዳራሹ ሌላ ቦታ ሆነ። እታገኝ ክራሯን እንደ ጊታር ትገርፋታለች። ደምሴ በዋሽንቱ የትራምፔቶቹን ቦታ ይዞልኛል፤ እንዲያውም ከትራምፔት ይልቅ ለፀጉር ቆራጩ ሩጫ ዋሽንት ትስማማለች፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰውየው የሚያለከልክ ይመስላል። ጋሽ ሙሄን ለሩምባዋ ትቼዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ አንዷ ሙሽሪት ብቻዋን መስኮት ላይ የምትቆምባት ቦታ ነች፤ እዚያ የፈለገውን ያህል አምባሰል ያድርጋት፣ ያምርባታል።

አንድ ነገር ብቻ ለሰዒድ ነገርኩት። "ሁለቱ ጭብጨባ ላይ አንዷን ምት ሳትመታ አሳልፋት። ሰው መንዙማው መሆኑን እንዳያውቅ።" ገብቶታል። አሳለፋት። እንዲያ ሲሆን ማንም ማምቦ ነው ይላል።

ዘሀራ ስለ አጥሩ አነሳችብኝ። የጎረቤት ፍየል ጎመኑን በልታዋለች። "አንተ ጀምረህ የጨረስከው ነገር ምን አለ?" አለችኝ። ቆጠረችልኝ። አጥሩ። የሽንት ቤቱ ጣሪያ። እግሩ የወለቀው ወንበር። ስትቆጣኝ ደስ አለኝ። ሰላም የመጣ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

አዲስ ዓመት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ከሰዓት ዘሀራ ለእኔ ዶሮ ሠራች፣ ሰዒድም ለብቻው ከታረደለት በላ። መልካም ነበር። የነገዋን ቀን ካለፍናት ስለት አለብኝ፤ ለግሸን ማርያም በእግሬ እወጣለሁ። ለምን እንደተሳልኩ እዚህ አልጽፍም። እሷው ማርያም ታውቀዋለች።

ዓርብ፣ መስከረም 2

ልጻፈው። እንዳልረሳው ሳይሆን በእርግጥ መሆኑን እንዳምን ነው።

በሰዓት እላፊው ምክንያት ፊልሙ በዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ፊት ወንበር ላይ ጓድ ካሳ፣ ከደሴ የመጡት ሦስት ሐኪሞች፣ አስተርጓሚያቸው። ከኋላ ሰዉ ሁሉ፤ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ነጋዴው፣ ከሐይቁ ማዶ የመጡት እናቶች ሳይቀሩ። እኛ ከሸራው ሥር በጎን።

መጀመሪያው ደህና ሄደ። ሰው ፈራ ተባ እያለ ሳቀ። አንዱ ሲስቅ ጓድ ካሳን ያይና አፉን ይይዛል። የመጀመሪያው ሙሽራ ግማሽ ፂሙን በመስታወት ሲያይ ግን ማን ማንን ይጠብቃል፣ አዳራሹ ፈረሰ። ሐኪሞቹም ይስቃሉ።

ከዚያ ሩጫው መጣ። በእጥፍ ፍጥነት። እኔ ራሴን ነቅንቄ ምልክት ሰጠሁ፣ ሰዒድ ገባ። ያሳለፋትን ምት ትንሽ ጊዜ እያሳለፋት ቆየ። ከዚያ ላቡ መጣ፣ ዓይኑ ተከደነ፤ እጁም የለመደውን ያዘ። አሳልፋት ያልኩት ምት ተመልሳ ገባች። ሦስት። ዝም። ሁለት።

ከኋላ፣ ከእናቶቹ ዘንድ፣ አንድ ጭብጨባ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ። እየተቀባበሉ። አንዲት እናት፣ "ያ ረሱለላህ" አለች፤ ቀስ ብላ፣ ቤቷ ያለች ያህል። ከዚያ ያንዱ ሽማግሌ ድምፅ፣ "ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም"። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ማጨብጨብ ያዘ፤ ይህን ጭብጨባ የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለማ። ፀጉር ቆራጩ ሸራው ላይ እየተንከባለለ ይሮጣል፣ የሚያየው የለም። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ለሳቅ የጠራናቸው ሰዎች ሌላ ቦታ ሄደዋል።

ጣቶቼ አኮርዲዮኗ ላይ ደረቁ። መጫወት አቆምኩ። ሰዒድ አልሰማም። ጓድ ካሳ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ፊቱን በፕሮጀክተሩ ብርሃን አየሁት፤ ቀለም የሚባል አልነበረበትም። አለቀ አልኩ። ሁለታችንም አለቅን። የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ልናገር? አጥሩን ሳልጨርሰው ነው የምሄደው የሚል ነበር።

አንደኛዋ ሐኪም፣ አጭሯ ወፍራሟ፣ ተነሳች። ጮክ ብላ ባገሯ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። አስተርጓሚው፣ "የኛ ነው! ይህ የኛ ነው ትላለች" አለ። ጓደኛዋን እጁን ጎትታ አስነሳችውና በወንበሮቹና በሸራው መሐል መጨፈር ጀመሩ። ሦስተኛው ያጨበጭባል፤ ሦስት፣ ዝም፣ ሁለት፤ ምንም ሳይሳሳት። እናቶቹ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋቸው። እልልታው ያኔ ቀለጠ። እኔም ጣቶቼ ተመለሱልኝና ገባሁበት።

ጓድ ካሳ እንግዶቹን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ከዚያ እሱም አጨበጨበ። አንዲቷንም ጭብጨባ በቦታዋ አላገኛትም።

ሲያልቅ ሐኪሞቹ እየመጡ ሰዒድን አቀፉት። ጓድ ካሳ እንግዶቹን አስከትሎ ወጣ። ሲያልፍ እኔን፣ "ነገ ሦስት ሰዓት" አለኝ።

ከሰዒድ ጋር ወደ ቤት ሄድን። በር ላይ፣ "አያ ታደሰ፣ ረሳሁት። ወላሂ አውቄ አይደለም" አለ። "ሰው ይህን ያህል ቢረሳስ ምን አለበት" አልኩት። እውነቴን ነው ያልኩት። ቢሆንም ልብሴን በላስቲክ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

በሦስት ሰዓት ገባሁ። በአራት ሰዓት ወጣሁ። ያለሁት ቤቴ ነው።

ጓድ ካሳ በሩን ራሱ ዘጋው። "ያ ጭብጨባ ምንድን ነው?"

"ያገራቸው ምት ነው ጓድ። ሐኪሞቹ ሲጨፍሩበት አላዩም?"

"ሕዝቡ ከየት አወቀው?"

ተዘጋጅቼበት ነበር፣ ግን ሁሉም ጠፋብኝ። እሱ መስኮቱን ይመለከት ነበር። ቆይቶ፣ "እኔ የዚሁ አገር፣ የቦረና ልጅ ነኝ" አለ፤ "እናቴ ይህንኑ ስታጨበጭብ ነው ያደግሁት።" ድምፁ ውስጥ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ሳይጋብዘኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ወረቀቶቹን አስተካከለ። "ሐኪሞቹ ያገራቸው ምት ነው ብለዋል። በሪፖርቱም እንዲሁ ተጽፏል። ሙዚቃው ተጽፎ ይሰጠን፣ ወደ አገራችን እንልከዋለን ብለዋል፤ ደሴም ተስማምቷል።" ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ሰዒድ ይማም የሙዚቃው ጽሑፍ ተጠናቅቆ እስኪቀርብ ድረስ በታደሰ ዋስትና ከኪነት ቡድኑ ጋር እንዲቆይ ይላል። ሲቀርብ ወደነበረበት እስር ቤት ይመለሳል። ማኅተም አለበት።

"ነገሩ ይታያል ብለውኝ ነበር ጓድ" አልኩት።

"ያየሁት ይህን ያህል ነው" አለ። ልወጣ ስል ደግሞ፣ "ኖታ የሚያነብ ሰው እዚህ አንተ ብቻ ነህ አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ማለቁንም የምታውቀው አንተ ነህ። ግን እኔም ሁልጊዜ እዚህ አልኖርም። ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሚያውቅ አላውቅም።"

መንገዱን ሙሉ ይህን ሳሰላስል መጣሁ። ለእኔ ያለው ነው ወይስ ለራሱ? አላወቅሁም።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ሞኝነቴን ልጻፈው። እሑድና ዛሬ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ዋልኩ። ማምቦው፣ ቻቻቻው፣ ሩምባዋ፤ ዐሥራ አንድ ገጽ። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ነገር ጽፌ አላውቅም። የዋሽንቱን መስመር ለትራምፔት መለስኩት፣ ያልነበሩትን ቫዮሊኖች ሁሉ ጨመርኩ፣ እውነተኛ ኦርኬስትራ ቢያገኝ ምን እንደሚሆን በጆሮዬ እየሰማሁ። ባሕር ማዶ፣ ጥርስ ያላቸው ሰዎች ይነፉታል ብዬ። የቀረኝ አንድ ገጽ ሆነ።

ዘሀራ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዛለች። መሠረተ ትምህርት ገብታ ነው ማንበብ የተማረችው፤ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ ትከተላለች፤ "ሲቀርብ" የሚለው ላይ ጣቷ ቆሟል።

"ስንት ቀረህ?"

"ነገ ያልቃል" አልኳት። በኩራት ነው ያልኩት።

አየችኝ። ከውጭ ሰዒድ ይሰማል፤ መዶሻ ይዞ የወንበሩን እግር እየመታ ነው። ሲመታም ያንጎራጉራል።

"አንተ ጀምረህ የጨረስከው ነገር ምን አለ?" አለችኝ። እንደ ባለፈው አልነበረም አባባሏ።

እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

የመጨረሻውን ገጽ ጠዋት ጀመርኩ። አራት መስመር ጻፍኩ። ደህና አድርጌ አየኋቸው። ጥሩ ነበሩ። በላጲስ አጠፋኋቸው። ከዚያ የቻቻቻውን መግቢያ አየሁና እሱም የሚስተካከል ነገር አላጣሁበትም፤ አጠፋሁት። ላጲሴ ከትምህርት ቤት የተዋስኳት ነች፤ የጥፍር ያህል ቀርታለች።

ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ተልኮ ሙዚቃው የት እንደደረሰ ጠየቀ። "እየሄደ ነው በሏቸው" አልኩ። ወረቀቶቹን ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳየ እግዜር ይወቅ። እንዲህ እስከ መቼ እንደሚያዛልቀን አላውቅም። እስከ ጥቅምት? ጓድ ካሳ ከተቀየረስ? ከደሴ ኖታ አዋቂ ቢልኩስ?

ከሰዓት በኋላ ከሰዒድ ጋር አጥሩን ጨረስነው። ጣቶቹ በመጠኑ መታጠፍ ጀምረዋል።

ዘሀራ ከገበያ ስትመለስ አዲሱን አጥር አየችው፣ በእጇ ነቅነቅ አደረገችው፣ አለፈች። ዘንቢሏን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ጨውና በርበሬውን አወጣች። ከሥር አራት አዲስ ላጲስ አውጥታ ከእርሳሴ አጠገብ ደረደረችልኝና ወደ ውስጥ ገባች።